ቅርጫቱን ተከተሉ፦ በቱርክ ግጥምና አጭር ልብወለድ ውስጥ ያለውን የድሃ ልጅነት እንዴት እናንብብ?

ቱርክን አብዛኞቻችን የምናውቃት በቴሌቪዥን ነው። ቃና በ2016 የቱርክ ድራማዎችን በአማርኛ ማሳየት ከጀመረ ወዲህ ኢስታንቡል ሲባል ዓይናችን ላይ የሚመጣው ባሕር ዳር ያለ ትልቅ ግቢ፣ የሚያብረቀርቅ መኪና፣ ሞልቶ የተትረፈረፈ የቁርስ ጠረጴዛ ነው። እኔም ያቺን ቱርክ ብቻ ነበር የማውቃት። ግጥማቸውንና አጭር ልብወለዳቸውን ማንበብ ስጀምር ግን ሌላ አገር ገጠመኝ። እዚያ አገር ልጅ ይሠራል። ቅርጫት ይሸከማል፣ ጋዜጣ ያዞራል፣ በበረዶ መሃል ቆሞ ባቡር ይጠብቃል።

ይህ መመሪያ እነዚህን ሥራዎች ብቻውን ወይም ከጓደኞቹ ጋር ማንበብ ለሚፈልግ ሰው ነው። በንባብ ቡድናችን ደጋግመን የሞከርነው አካሄድ ነው። የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም፦ ሁለት ግጥም፣ ሁለት አጭር ልብወለድ፣ እርሳስ፣ ባዶ ወረቀት፣ ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ ምሽት። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍኩት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ደረጃ 1፦ ከአጭሩ ጀምሩ

ከታሪክ መጽሐፍ አትነሡ። ከረጅም ልብወለድም አትነሡ። አንድ ገጽ ግጥም ይበቃል። ለመጀመሪያ ጊዜ እኔ የምመርጣቸው አራት ናቸው። የሪፋት ኢልጋዝ «ልጆቼ» እና የመህመት አኪፍ ኤርሶይ «ኩፌ» ከግጥም፤ የሳይት ፋይክ አባስያንክ «የሐር መሐረብ» እና የሳባሃቲን አሊ «አይራን» ከአጭር ልብወለድ።

ቋንቋው እንዳያስፈራችሁ። የሳይት ፋይክና የሳባሃቲን አሊ ልብወለዶች በእንግሊዝኛ ተተርጉመው ይገኛሉ። ለግጥሞቹ ግን ቱርክኛ የሚችል ሰው ፈልጉ። በስኮላርሺፕ ቱርክ ተምረው የመጡ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው፤ አንዱን ቡና ጋብዙትና መስመር በመስመር ያስረዳችሁ። የስልክ ትርጉም ለአዲሶቹ ደራስያን የነገሩን ሐሳብ ለመያዝ ይረዳል። ለአኪፍና ለዘመኑ ገጣሚ ለቴቭፊክ ፊክሬት ግን አትሞክሩት። እነሱ የጻፉት በኦቶማን ዘመን ቱርክኛ ነው፤ ዐረብኛውና ፋርስኛው የበዛበት ነው። ቱርኮች የዐረብኛውን ፊደል ትተው ወደ ላቲን የዞሩት በ1928 ነው። ከዚያ ወዲህ ቋንቋው በጣም ስለተለወጠ የዛሬ የቱርክ ተማሪም እነዚህን ግጥሞች የሚያነበው ብዙ ጊዜ ቀለል ተደርገው ከተጻፈላቸው ቅጂ ጋር ነው። እናንተም ያንን ፈልጉ።

ደረጃ 2፦ ስድስት ቃላት ወረቀት ላይ አስፍሩ

*የቲም* እና *ኦክሱዝ*። እኛ «የሙት ልጅ» ብለን ሁለቱንም እንጠቀልላቸዋለን። ቱርኮች ይለያሉ። የቲም አባቱ የሞተበት ነው፣ ኦክሱዝ እናቱ የሞተችበት። በነዚህ ሥራዎች ልዩነቱ ትልቅ ነው። አባቱ የሞተበት ልጅ ብዙ ጊዜ የአባቱን ሥራ ይወርሳል።

*ኩሩሽ*። የሊራ አንድ መቶኛ ነው። የአያቶቻችን «ግርሽ» የዚህ ቃል ዘመድ ነው።

*አይራን*። እርጎ በውሃ ተበጥብጦ ጨው የገባበት መጠጥ፤ ለአሬራ ይቀርባል። ቀዝቃዛ ነው፣ የበጋ መጠጥ ነው። ይህን ያዙልኝ፣ ኋላ ያስፈልገናል።

*ኩፌ*። ተሸካሚ በጀርባው የሚያዝለው ትልቅ ቅርጫት።

*ኤክሜክ*። ዳቦ ማለት ነው። ግን እኛ «እንጀራ ፍለጋ ወጣ» እንደምንለው እነሱም መተዳደሪያን በዳቦ ይጠሩታል። ኦርሃን ከማል በ1949 ያወጣው የአጫጭር ልብወለድ መድበል ርዕሱ ቃል በቃል «የዳቦ ጠብ» ነው፤ ወደ እኛ ሲመጣ የዕለት እንጀራ ትግል መሆኑ ነው። ስትተረጉሙ ልጁ የሚገምጠውን ዳቦ በሉት፣ የሚሮጥለትን እንጀራ በሉት። አንዳንድ ቦታ ሁለቱም አንድ ላይ አሉ፤ እዚያ ላይ ጊዜ ወስዳችሁ ተከራከሩ።

ደረጃ 3፦ ጮክ ብላችሁ አንብቡ፣ «ያሳዝናል» ማለት ክልክል ነው

መጀመሪያ እርሳስ ሳትይዙ አንድ ሰው ለሁሉም ጮክ ብሎ ያንብብ። ከዚያ ለአሥር ደቂቃ «ያሳዝናል»፣ «አንጀት ይበላል»፣ «ምስኪን» የሚባሉትን ቃላት ማንም አይናገር።

ይህን ሕግ ያወጣነው ከገጠመን በኋላ ነው። በመጀመሪያው ስብሰባችን ሁላችንም አዘንን፣ ምላሳችንን መጠጥን፣ ተበተንን። በሳምንቱ ልጁ እጁ ላይ ምን እንደያዘ የሚያስታውስ አንድ ሰው ጠፋ። ሐዘናችን እውነተኛ ነበር፤ ልጁን ግን አላየነውም።

ቱርኮችም ጉዳዩን ያውቁታል። ከማለቲን ቱጁ የሚባል ደራሲ ስለ ወላጅ አልባና ድሃ ልጆች በመቶዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍት ጽፏል። ትውልድ አልቅሶባቸው አድጓል፤ እስከ ዛሬም የሚያስለቅስ ታሪክ ሲሰሙ ስሙን ይጠራሉ። እኔ እሱን አልንቅም። ያለቀሰ ልጅ ነገ ሌላውን ያስባል። ግን እዚህ የምናነባቸው ሰዎች የሚፈልጉት ከእንባ በፊት ዓይናችንን ነው።

ደረጃ 4፦ ዕቃውን ፈልጉ

የመመሪያው እምብርት ይህ ነው። አሁን እርሳሱን አንሡ። ልጁ የያዘውን፣ የሚሸከመውን፣ የሚመኘውን ዕቃ ሁሉ አስምሩበት።

«ኩፌ»ን እንውሰድ። አኪፍ የቱርክን ብሔራዊ መዝሙር ግጥም የጻፈው ሰው ነው። «ኩፌ» በ1911 በወጣው «ሳፋሃት» መጽሐፉ ውስጥ ይገኛል። ተራኪው በማለዳ ከቤቱ ይወጣል። መንገድ ላይ አንድ ትልቅ ቅርጫት አለ። አንድ ልጅ መጥቶ በእርግጫ ይለዋል፤ ቅርጫቱ እየተንከባለለ ይሄዳል። ልጁ ሐሰን ይባላል። አባቱ ተሸካሚ ነበር፣ ሞቷል። አንዲት ሴት ትገሥጸዋለች፦ አፍ የለው፣ ምላስ የለው፣ ቅርጫቱ ምን አደረገህ? አባትህ ስምንት ዓመት ተጠቅሞበታል፣ ገደኛ ቅርጫት ነው ይል ነበር፣ እናትህንና ታናሽህን የምትመግበው በዚህ ነው።

እዚህ ላይ ቆሙ። ቅርጫቱን በሁለቱም ዓይን እዩት። ለሴትዮዋ ቅርጫቱ ቤተሰቡን ያኖረ ውርስ ነው፤ ጌታው የሞተበት፣ እሱም የሙት ልጅ የሆነ ዕቃ ነው። ለልጁ አባቱን የበላ ነገር ነው። ሁለቱም እውነት ነው። አኪፍ አንዱን አይፈርድም። መጨረሻው ላይ ተራኪው ሐሰንን እንደገና ያየዋል። ተማሪዎች ከትምህርት ቤት እየተንጫጩ ይወጣሉ፤ ሐሰን ቅርጫቱ ሥር ነው።

አሁን ሠላሳ ዓመት ዝለሉና ኢልጋዝን አንብቡ። በመካከሉ ኦቶማን ፈርሷል፣ በ1923 ሪፐብሊክ ተመሥርቷል፣ ፊደል ተቀይሯል። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ቱርክ ጦርነቱ ውስጥ ባትገባም በ1942 ኢስታንቡል ውስጥ ዳቦ በካርድ መታደል ጀመረ። ኢልጋዝ መምህር ነበር። በ1944 ያወጣው «ክፍል» የሚባለው የግጥም መጽሐፉ ታገደ፤ እሱም ታሰረ።

«ልጆቼ» ላይ መምህሩ ተማሪዎቹን ያወቃቸው ስም ከሚጠራበት መዝገብ እንዳልሆነ ይናገራል። ከክፍሉ በብዛት የሚቀረውን ልጅ ያወቀው አንድ ቀን ከሲኒማ ሲመለስ ነው፤ ልጁ ብብቱ ሥር ያልተሸጡ ጋዜጦች ይዟል። ከሁሉ ሰነፍ የሚባለው ጭስ በሞላበት አዳራሽ የናና ከረሜላ ሊሸጥለት እጁን ዘረጋ። ከሁሉ ሐሳቡ የሚሸሸው ደግሞ መምህሩ የያዘውን ስፒናች ልሸከምልህ አለው። በምን? በኩፌው።

ቅርጫቱ ይኸው ተመልሶ መጣ። መንግሥት ተለውጦ፣ ፊደል ተለውጦ፣ ቅርጫቱ አሁንም ልጅ ጀርባ ላይ ነው። ይህን ማንም የታሪክ መጽሐፍ እንዲህ አላሳየኝም። ያገኘሁትም አንድ ዕቃ አስምሬ ስለተከተልኩ ብቻ ነው። አሁን ደግሞ ቦታው ተቀይሯል። የአኪፉ ሐሰን ከትምህርት ቤቱ ውጭ ቆሞ ተማሪዎችን የሚያይ ነው፤ የኢልጋዙ ልጅ ስሙ መዝገብ ላይ አለ። ቅርጫቱ ግን ከጀርባው አልወረደም።

ግጥሙ ይቀጥላል። ብዙዎቹ በኮትና በጫማ ምክንያት ትምህርት ቤቱ አካባቢ ድርሽ ማለት ትተዋል። አንዱ ሎሚ ይሸጣል፣ አንዱ ሻይ ያመላልሳል። ክፍል ውስጥ ግን ትምህርቱ ስለ ቅቤ ቪታሚንና ስለ እንቁላል ካሎሪ ነው። የዓለምን ዙሪያ ለክተዋል፣ የከዋክብትን ርቀት አስልተዋል፣ በክረምት ለድንቢጦች አዝነዋል፤ ራሳቸውን ረስተው። የመጨረሻዋን ሐሳብ ሁለት ጊዜ አንብቡ። የሚራበው ልጅ ለወፏ ያዝናል፣ መምህሩም አብሮት።

ደረጃ 5፦ ማን ነው የሚያየው?

ልጁን የምናየው ሁልጊዜ በሌላ ሰው ዓይን ነው። የዚያን ሰው ሥራ ወረቀቱ ራስጌ ላይ ጻፉ። አኪፍ ዘንድ መንገደኛ ነው፤ አይቶ ያልፋል። ኢልጋዝ ዘንድ መምህር ነው፤ ማለፍ አይችልም፣ ነገ ስሙን ይጠራዋል። ለዚህ ነው ኢልጋዝ ራሱንም የሚወቅሰው።

«የሐር መሐረብ» ላይ የሚያየው በዚያ ምሽት ዘበኛውን ተክቶ ፋብሪካውን የሚጠብቅ ሰው ነው። ቦታው የሐር ፋብሪካ ነው፣ ምሽት ነው፣ ጨረቃ ወጥታለች። ልጁ የመጣው ለሚወዳት ልጅ አንዲት የሐር መሐረብ ሊሰርቅ ነው። ዳቦ አይደለም የፈለገው። ይህን እንዳታልፉት፤ ብዙ ጸሐፊ ድሃ ልጅ ከሆድ ሌላ ምኞት ያለው አይመስለውም። ሳይት ፋይክ ለልጁ ፍቅርና ውበት ሰጠው፣ ጠባቂውንም ልቡ እንዲላላ አደረገው። በመጨረሻ ልጁ የሐር ትል ቅጠሉን ከሚበላው ሾላ መሰል ዛፍ ላይ ወድቆ ይሞታል። የጨበጠውን እጁን ሲከፍቱት መሐረቡ እንደ ውሃ ፈልቆ ይወጣል። ጥሩ ሐር እንዲህ ነው፤ የቱንም ያህል ብትጨብጠው፣ ብትጨማድደው፣ እጅህን ስትከፍት ይዘረጋል። የሟች ልጅ እጅ ውስጥ ያልተጨማደደ አንድ ነገር። ቡድናችን ውስጥ ይህን ስናነብ ለደቂቃዎች የተናገረ ሰው አልነበረም፤ ሕጉን አክብረን ሳይሆን ቃል አጥተን ነው።

ይህን ሰው ስታነቡ የምትወዱት ሌላ ነገር ልጨምር። ሳይት ፋይክ በ1954 ከሞተ በኋላ የሥራዎቹ መብት የተላለፈው ለዳሩሻፋካ ማኅበር ነው። በ1863 የተመሠረተ ሲሆን ወላጅ የሞተባቸውን አቅም የሌላቸው ልጆች ያስተምራል። የመጽሐፉ ገቢ ለብዙ ዓመታት የገባው እንደነዚያ ዓይነት ልጆች ዘንድ ነው።

ደረጃ 6፦ ሒሳቡን ሥሩ

ወረቀቱን ለሁለት ክፈሉ። በቀኝ ልጁ የሚያገኘውን፣ በግራ የሚጠበቅበትን ጻፉ። ቁጥር ባይኖርም ጻፉ።

«አይራን» በ1943 «አዲስ ዓለም» በሚባለው መድበል ውስጥ ወጣ። ሐሰን የሚባል ሌላ ትንሽ ልጅ ከመንደሩ ርቆ ባቡር ጣቢያ ድረስ እየሄደ አይራን ይሸጣል። ቤት ታናናሾቹ ይጠብቁታል። ወቅቱ ክረምት ነው፣ ምድሩ በበረዶ ተሸፍኗል። ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁን አስታውሱ፤ አይራን የበጋ መጠጥ ነው። በዚያ ብርድ ማን ይጠጣል? ባቡሩ ደግሞ ቆሞ የሚቆየው ለጥቂት ጊዜ ነው። የግራው ዓምድ ሲሞላ የቀኙ ባዶ ሲቀር በዓይናችሁ ታያላችሁ። ሳባሃቲን አሊ «ድህነት» ብሎ አይሰብክም። ዕቃውንና ወቅቱን አጋጨና ተወው። መጨረሻውን አልነግራችሁም፤ በጨለማ የሚመለስበትን መንገድ ግን ቀስ ብላችሁ አንብቡት፣ ልጆች ካሉም አታንብቡላቸው።

የዚሁ ደራሲ «ጋሪዎች በአምስት ኩሩሽ» የሚለውም ለዚህ ደረጃ ይመቻል። እናትና ልጅ ምሽት ላይ መንገድ ዳር መጫወቻ ጋሪ ይሸጣሉ። ልጁ ቀን ተማሪ ነው። የክፍል ጓደኛው ከባለጸጋ እናቱ ጋር ይመጣል። መጫወቻ የሚሸጥ ልጅ መጫወቻ ከሚገዛ ልጅ ጋር ፊት ለፊት ሲቆም የአምስት ኩሩሿን ክብደት መዝኑ።

ደረጃ 7፦ ግጥሙ ላይ የምስሎቹን ቅደም ተከተል ቁጠሩ

ይህ አጭር ደረጃ ነው። የናዝም ሂክመትን «ዓለምን ለልጆች እንስጥ» ውሰዱ። ለአንድ ቀን እንኳ እንስጣቸው ይላል። መጀመሪያ እንደ ፊኛ፣ እንዲጫወቱበት። ከዚያ እንደ ትልቅ ፖም። ከዚያ እንደ ትኩስ ዳቦ። ለምን? እንዲጠግቡ፣ ለአንድ ቀን እንኳ። ጨዋታ፣ ፍሬ፣ ዳቦ። እያንዳንዱ እርምጃ ወደ ሆድ ይቀርባል። የዋህ የሚመስለው ግጥም ውስጡ ረሃብ እንዳለ የምታውቁት በቅደም ተከተሉ ነው።

ደረጃ 8፦ ከከተማ ውጡ

እስካሁን ያለነው ጎዳናና ጣቢያ ላይ ነው። የያሻር ከማል «ሕፃን» በ1952 «ቢጫ ሙቀት» ውስጥ ወጣ። አባት እናቱ የሞተችበትን ጨቅላ ታቅፎ የምታጠባ ሴት ፍለጋ በጠራራ ፀሐይ ይንከራተታል። ጡት የዳቦን ቦታ ይዟል። ከዚህ ጎን የአህመድ አሪፍን «የሕፃኑ የአዲሎሽ እሹሩሩ» አስቀምጡ። እዚያ ሕፃኑ ሲወለድ በልማድ ምክንያት ሦስት ቀን ጡት ይከለከላል። ከዚያ ገጣሚው አሁን ጡቱን ያዝ፣ እደግ ይለዋል፤ ቀጥሎ ምግባችንና ዳቦአችን ላይ ዓይናቸውን የጣሉትን እወቃቸው፣ አውቀህም እደግ ይለዋል። የእኛን እሹሩሩ የምታውቁ አዛውንት ካላችሁ በዚህ ምሽት ጋብዟቸው። ቀድመው ያዜሙ፣ ከዚያ ይህን አንብቡላቸው። እኛ ዘንድ አንዲት እናት «የኛው ማባበያ ነው፣ ይኼኛው ግን ያነቃል» አሉ።

ደረጃ 9፦ ራሳችሁ አንድ ገጽ ጻፉ

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር። በቡድናችሁ ውስጥ በልጅነቱ የተራበ ሰው አለ ብላችሁ አስቡ። ማን እንደሆነ አትጠይቁ። ከፈለገ ይጽፋል፣ ካልፈለገ ሻይ ይቀዳል።

አጻጻፉ ይህ ነው። በልጅነታችሁ ያያችሁትን አንድ ልጅ ምረጡ። ስሙን ቀይሩ። አንድ ዕቃ ስጡት። «ድሃ» የሚለውን ቃል ሳትጠቀሙ አሥራ አምስት መስመር ጻፉ። ማን እንደሚያየው ይታወቅ።

ቢቸግራችሁ የኤጄ አይሃንን «የማይታወቀው ተማሪ ሐውልት» አንብቡ። በ1973 በወጣ መጽሐፉ ውስጥ ያለ ግጥም ነው። የተገደለ ተማሪ መቃብር ላይ ወላጆቹ የሚያጽፉትን ይነግረናል። እናቱ ሌሊት ልብስ አጣቢ ናት። አባቱ አሮጌ ዕቃ እየገዛ የሚሸጥ፣ እኛ ቆራሊዮ የምንለው ነበር። አባትየው የሚያጽፈው አንድ ነገር ነው፦ መጫወቻ እንዳለው አሳምኜው ነበር። ከዚህ በላይ ማብራሪያ የለም። አንድ ዕቃ፣ እሱም የሌለ ዕቃ።

እኔ የጻፍኩት ስለ ፌስታል ነው። አስተማሪ ሳለሁ ዘወትር ሐሙስ የሚቀር ተማሪ ነበረኝ። መዝገቡ ላይ ሐሙስ ሐሙስ ቀይ ነጥብ። አንድ ሐሙስ ገበያ ወረድኩ፣ ሽንኩርት ገዛሁ፣ «ፌስታል፣ ፌስታል» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል እሱ ነው። አንዱን ፌስታል ከጥቅሉ መዘዘ፣ አፉ እንዲከፈት እፍ አለበት፣ ሁለቱን ጆሮዎች ይዞ ዘረጋልኝና ሽንኩርቱን እስክከት ጠበቀ። ሳንቲም ስሰጠው «ለመምህር በነፃ ነው» አለኝ።

ሁሉም ጽፎ ሲጨርስ ገጾቹ ተደበላልቀው ይነበቡ፤ የጻፈው ሰው አይነገር። አንዱ ገጽ ተነቦ ሲያልቅ ቀጣዩ ከመጀመሩ በፊት ዕቃው ምን እንደነበረ ብቻ አንድ ሰው ጮክ ብሎ ይበል። ፌስታል። ጋዜጣ። የናና ከረሜላ። መሐረብ። ኩፌ።